ማያ ዴረን፦ ስለ ሕይወቷና ስለ ፊልሞቿ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ጀምረን ወደሚያከራክረው እንሄዳለን፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማያ ዴረን ማን ናት?

በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አጫጭር የሙከራ ፊልሞችን የሠራች ዳይሬክተር ናት። ዳይሬክተር ብሎ ማቆም ግን ያንስባታል። ፊልሙን ራሷ ታስባለች፣ ራሷ ትተውናለች፣ ራሷ ኤዲት ታደርጋለች። ሲያልቅ ደግሞ ከከተማ ከተማ ይዛው እየዞረች ታሳያለች፤ መድረክ ላይ ቆማም ስለ ፊልሙ ትከራከራለች። አሜሪካ ውስጥ ያለ ስቱዲዮ ፊልም መሥራት እንደሚቻል በተግባር ካሳዩት መካከል ግንባር ቀደሟ እሷ ናት።

የተወለደችው በ1917 ኪየቭ ውስጥ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ነው። የወላጆቿ ስም ዴረንኮቭስኪ፣ የእሷ ደግሞ ኤሌኖራ ነበር። በ1922 ቤተሰቡ ሸሽቶ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ሲራክዩዝ ከተማ ገባ፤ የአባትየው ስምም አጥሮ "ዴረን" ሆነ። አባቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበሩ። "ማያ" የሚለውን ስም የያዘችው በ1943፣ የመጀመሪያ ፊልሟን በሠራችበት ዓመት ነው።

ትምህርቷ ከፊልም ጋር አይገናኝም። በ1939 ስሚዝ ኮሌጅ ማስተርሷን የያዘችው በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ሲሆን የመመረቂያ ጽሑፏም ስለ ግጥም ነው። ግጥም ሞክራ አልሆነላትም። ምክንያቱን ራሷ ስትናገር፣ ሐሳቧ የሚመጣላት በምስል ስለነበር ወደ ቃል መመለሱ ያታግላት ነበር። ካሜራ ስትይዝ ይሄ ትግል ቀረ።

ፊልሞቿ ከተለመደው ፊልም በምን ይለያሉ?

በተለመደው ፊልም አንድ ሰው አንድ ነገር ይፈልጋል። እንቅፋት ይገጥመዋል። ወይ ያሸንፋል፣ ወይ ይሸነፋል። ተመልካቹም "ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን?" እያለ ይከተላል። የዴረን ፊልም ላይ ይሄን ጥያቄ ይዞ መቀመጥ ብዙም አያዋጣም። ገጸ ባሕርያቱ ስም የላቸውም፣ አይነጋገሩም፣ ከየት እንደመጡም አይነገረንም።

ይሄ ማለት ግን ዝም ብሎ የተዘበራረቀ ነገር ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም በጣም የተሰላ ነው። ዴረን የምትለው ፊልም ታሪኩን ከልብ ወለድ፣ ትወናውን ከቲያትር እየተበደረ ስለኖረ የራሱን ጉልበት አላወቀም ነው። ካሜራ ጊዜን መዘርጋት ይችላል፣ ወደ ኋላ ማስኬድ ይችላል፣ ሁለት የተራራቁ ቦታዎችን በአንድ እርምጃ ማገናኘት ይችላል። መድረክ ላይ ይሄ አይሆንም። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው እዚህ ላይ ነው።

ስንት ፊልም ሠራች? ከየትኛው ልጀምር?

ራሷ ጨርሳ ያሳየቻቸው ዋና ዋናዎቹ ስድስት ናቸው። በ1943 "ሜሽስ ኦቭ ዚ አፍተርኑን"፣ በ1944 "አት ላንድ"፣ በ1945 "ኤ ስተዲ ኢን ኮሪዮግራፊ ፎር ካሜራ"፣ በ1946 "ሪችዋል ኢን ትራንስፊገርድ ታይም"፣ በ1948 "ሜዲቴሽን ኦን ቫዮለንስ"፣ በመጨረሻ በ1958 "ዘ ቬሪ አይ ኦቭ ናይት"። ረጅሙ 15 ደቂቃ አካባቢ ነው። ስድስቱም ተደምረው አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይሆናሉ፤ በአንድ ምሽት ይታያሉ። ከነዚህ ሌላ በ1943 ከሠዓሊው ማርሴል ዱሻን ጋር ጀምራ ያቋረጠችው "ዊችስ ክሬድል" አለ፤ ከሄይቲ የመጣ ብዙ ፊልምም አለ (እሱን ወደ መጨረሻው እንመጣበታለን)።

ሰው ሁሉ ከ"ሜሽስ" ጀምሩ ይላል። እኔ ግን በ1945ቱ የዳንስ ፊልም ጀምሩ ነው የምለው። ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። ቢላዋ የለበት፣ ቁልፍ የለበት፣ "ይሄ ምን ማለት ይሆን?" ብሎ የሚያስጨንቅ ነገር የለበት። አንድ ሰው ይደንሳል፤ በዙሪያው ያለው ዓለም ይቀያየራል። የዴረንን ዓይን መጀመሪያ እዚያ ላይ ከያዛችሁ ሌሎቹ ይቀልላሉ።

ድምፅ የለውም፤ ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። የመጀመሪያዎቹ አራት ፊልሞቿ የተሠሩት ያለ ድምፅ ነው። በከፊል የገንዘብና የመሣሪያ ጉዳይ ነበር፤ ግን ምርጫም ነው። ሙዚቃ ስትጨምሩ ተመልካቹ ምን ሊሰማው እንደሚገባ ሙዚቃው ይነግረዋል። ዴረን ደግሞ ምቱ ከሰውነት እንቅስቃሴና ከኤዲቲንጉ እንዲመጣ ነው የፈለገችው።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። "ሜሽስ" ላይ የሚሰማው የጃፓን ቃና ያለው ሙዚቃ የቴይጂ ኢቶ ነው። ኢቶ ኋላ ባሏ የሆነ ሙዚቀኛ ሲሆን ሙዚቃው ፊልሙ ላይ የተጨመረው በ1959፣ በእሷው ፈቃድ ነው። "ሜዲቴሽን ኦን ቫዮለንስ" ደግሞ ከመጀመሪያውም የቻይና ዋሽንትና የሄይቲ ከበሮ አለው። ከዚህ ውጭ ኢንተርኔት ላይ "አት ላንድ"ን በፒያኖ ወይም በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አጅቦ ካገኛችሁት ሌላ ሰው ያስገባው ነው። ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት።

ያለ ስቱዲዮና ያለ ገንዘብ እንዴት ሠራችው?

በጣም ትንሽ በሆነ ገንዘብ። አባቷ ሲሞቱ ከተረፈላት ውርስ ያገለገለች የ16 ሚሊ ሜትር ቦሌክስ ካሜራ ገዛች። "ሜሽስ" ወደ 275 ዶላር ገደማ እንደፈጀ ይነገራል። የተቀረጸው እሷና ባሏ አሌክሳንደር ሃሚድ በሚኖሩበት ሎስ አንጀለስ ውስጥ ባለ ቤት ነው። ተዋንያኑም ራሳቸው ናቸው። ሆሊውድ ለሊፒስቲክ በሚያወጣው ገንዘብ ፊልም እሠራለሁ ትል ነበር፤ እነዚያ ስቱዲዮዎች ደግሞ ከቤቷ የራቁ አልነበሩም።

ቦሌክስ በእጅ ተጠምዝዛ የምትሠራ ካሜራ ናት። አንዴ ተጠምዝዛ ሠላሳ ሰከንድ እንኳ አትቀርጽም። ስለዚህ ረጅም ሾት (ሳይቆረጥ በአንዴ የተቀረጸ ምስል) የለም፤ ሁሉም ነገር በአጭር በአጭሩ ታስቦ ነው የሚቀረጸው። በሌላ በኩል ፍጥነቷን መቀየር ይቻላል፣ ፊልሙን ወደ ኋላ መልሶ በላዩ ላይ ደግሞ መቅረጽም ይቻላል። "ሜሽስ" ውስጥ ሦስት ማያዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡበት ትዕይንት እንዲህ ባለ ዘዴ የመጣ ነው። ደረጃው ላይ ቤቱ የሚንገዳገድ የሚመስለው ደግሞ ካሜራው ወደ ግራና ቀኝ ሲጋደል እሷ ደግሞ ራሷን ከግድግዳ ግድግዳ ስለምትወረውር ነው። ሌላ ተአምር የለበትም።

በ1959 በጻፈችው አንድ አጭር ጽሑፍ ለጀማሪዎች የምትሰጠው ምክር ዛሬም ይሠራል። መሣሪያና ሠራተኛ ከመጨመር ያላችሁን እስከ ጥጉ ተጠቀሙበት ትላለች። ከዕቃዎቻችሁ ሁሉ ዋናው ራሳችሁ ናችሁ፤ የሚንቀሳቀስ አካልና የሚያስብ ጭንቅላት አላችሁ። ባለሙያው የሚቀናባችሁ አንድ ነገር ቢኖር ነፃነታችሁ ነው ባይ ናት።

"ሜሽስ ኦቭ ዚ አፍተርኑን" ምን ለማለት ነው?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይሄ ነው። መጀመሪያ የሚታየውን እንናገር። አንዲት ሴት መንገድ ላይ አበባ ታነሳለች። ቤቷ ደርሳ ቁልፉ ከእጇ ያመልጥና ደረጃውን እየነጠረ ይወርዳል። ቤት ውስጥ ዳቦ ላይ የተሰካ ቢላዋ አለ፤ ስልኩ ከቦታው ተነስቷል፤ ሸክላ ማጫወቻው እየዞረ ነው። ሴትየዋ መስኮት አጠገብ ወንበር ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። ከዚያ ያው መንገድ፣ ያው ደረጃ፣ ያው ቤት ይደጋገማል። ፊቱ መስታወት የሆነ ጥቁር የለበሰ ሰው ከፊቷ ይሄዳል፤ አትደርስበትም። ቁልፉ ከአፏ ይወጣል። ቁልፉ ቢላዋ ይሆናል። በየዙሩም አንዲት ሌላ እሷ ትጨመራለች።

ብዙ ሰው ወዲያው ፍቺ ፍለጋ ይገባል። ቁልፉ ይሄ ነው፣ ቢላዋው ያ ነው፣ አባቷም የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበሩና ነገሩ የሕልም ተንታኙ የፍሮይድ ሐሳብ ነው ይባላል። ዴረን ይሄን አትወደውም ነበር። ዕቃው ትርጉም የሚያገኘው ፊልሙ ውስጥ ካለው ቦታ ነው፤ ከውጭ የመጣ መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም ትላለች። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ቁልፉ ምን "እንደሚወክል" ከመጠየቅ ስንት ጊዜ እንደሚወድቅና በየጊዜው እንዴት እንደሚቀየር መከታተል ይበልጥ ያስኬዳል። ለምሳሌ መጀመሪያው ላይ የሴትየዋን ፊት አናይም፤ ጥላዋን፣ እግሯን፣ እጇን ብቻ ነው የምናየው። ፊቷ የሚገለጠው በኋላ፣ ሕልሙ ውስጥ ነው። ይሄን ካስተዋላችሁ ከማንኛውም የምልክት ትንተና የበለጠ አገኛችሁ።

መጨረሻው ላይ ምን እንደሆነ ግን በደንብ ይታያል፦ አንድ ወንድ (ሃሚድ ነው የሚጫወተው) ቤት ሲገባ ሴትየዋን ወንበሩ ላይ ሞታ ያገኛታል። ሕልም ነው ተብሎ የታየው ነገር ወደ ውጭ ወጥቶ ሰው ገደለ። እንዴት ወጣ? ፊልሙ አይመልስም፤ አለመመለሱም ስህተት አይደለም።

ስታይሏ ነው የሚባለው በትክክል ምንድን ነው?

በአንድ ዓረፍተ ነገር ካስፈለገ፦ እንቅስቃሴው አይቋረጥም፣ ቦታው ግን ይቀየራል። በተራ ፊልም ሰውየው በር ከፍቶ ሲወጣ ቀጣዩ ሾት በሩ ውጭ ነው። ዴረን ጋ እርምጃው ይቀጥላል፣ መሬቱ ግን ሌላ ነው። "ሜሽስ" ውስጥ ሴትየዋ ቢላዋ ይዛ ወደ ተኛችው ራሷ ስትሄድ እግሯን ተመልከቱ። አንዱ እርምጃ አሸዋ ላይ፣ ሌላው ሣር ላይ፣ ሌላው አስፋልት ላይ፣ የመጨረሻው ምንጣፍ ላይ ያርፋል። ክፍሉን ለማቋረጥ ጥቂት እርምጃ ነው፤ ዓለምን የዞረች ግን ያስመስላታል።

"አት ላንድ" ሙሉ በሙሉ በዚህ መንገድ ነው የተገነባው። ባሕሩ ሴትየዋን ዳርቻ ላይ ይተፋታል፤ ማዕበሉ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። በደረቀ ግንድ ላይ ስትወጣ ጭንቅላቷ ብቅ የሚለው በሰው የተሞላ ረጅም የግብዣ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ነው። በሆዷ እየተሳበች ጠረጴዛውን ታቋርጣለች። ሰዎቹ ያጨሳሉ፣ ያወራሉ፣ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። በየመሀሉ ጫካ ውስጥ ስትሳብ ትታያለች፤ መሳቧ ግን አንድ ነው፣ አልተቋረጠም። ሌላ ቦታ ላይ ከአንድ ወንድ ጋር እያወራች ትሄዳለች፤ ካሜራው ከእሱ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ እሱ ሲመላለስ ሰውየው በየጊዜው ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። ከነዚያ ወንዶች አንዱ ሙዚቀኛው ጆን ኬጅ ነው።

ስሎው ሞሽን፣ ምስሉን ማስቆም፣ ወደ ኋላ ማስኬድ፣ ኔጌቲቩን (ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር የሆነበትን ምስል) እንዳለ ማሳየት፣ ሁሉንም ትጠቀማለች። ግን ለማሳመሪያ አይደለም። "ሪችዋል" ውስጥ የድግስ ትዕይንት አለ፤ ሰዎች ሰላም ይባባላሉ፣ ይተቃቀፋሉ፣ ያልፋሉ። ያንኑ ሾት ደጋግማ ስታስገባው ተራ ሰላምታው ቀስ በቀስ ዳንስ ይሆናል። ማንም አልደነሰም እኮ! ዳንሱን የሠራችው ኤዲቲንግ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለእኔ ከሥራዎቿ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ትዕይንት ነው።

ከዳንስ ጋር ያላት ግንኙነት ከየት መጣ?

በ1941 የታዋቂዋ ዳንሰኛና አንትሮፖሎጂስት የካትሪን ደንሃም ጸሐፊ ሆና ተቀጠረች፤ ከቡድኑ ጋርም አሜሪካን ዞረች። ደንሃም ሄይቲ ሄዳ ዳንስ ያጠናች ሰው ናት። ዴረንን ወደ ዳንስም ወደ ሄይቲም ያዞራት ይሄ ጊዜ ነው።

የ1945ቱ ፊልም ዳንሰኛ ታሊ ቢቲም ከደንሃም ቡድን ነው የመጣው። ካሜራው ጫካ ውስጥ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ቢቲ ከአንዱ ዛፍ ኋላ ይታያል፣ ካሜራው አልፎት ይሄዳል፣ ቀጥሎም ያው ቢቲ ከፊት ይጠብቀዋል። እግሩን ጫካ ውስጥ አንስቶ መኖሪያ ቤት ውስጥ ያሳርፈዋል። ከዚያ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም አዳራሽ ውስጥ ይደንሳል። መጨረሻ ላይ ይዘላል፤ ዝላዩ ከብዙ ሾቶች የተቀጣጠለ ስለሆነ የስበት ሕግ የተሻረ ይመስላል። የማንም ሰው ጉልበት እንዲህ አየር ላይ አያቆይም። ዴረን ዳንስን ቀርጻ አላስቀመጠችም፤ ያለ ካሜራ ሊኖር የማይችል ዳንስ ነው የሠራችው።

ፊልሞቿን ማን ያሳይላት ነበር?

ማንም። ስለዚህ ራሷ አሳየች። በየካቲት 1946 ኒውዮርክ ግሪንዊች ቪሌጅ ውስጥ ፕሮቪንስታውን ፕሌይሃውስ የሚባል ትንሽ ቲያትር ቤት ተከራይታ ሦስት ፊልሞቿን አቀረበች። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ ብዙ ሰው ውጭ ቀረ። ከታዳሚዎቹ አንዱ አሞስ ቮግል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት "ሲኒማ 16" የተባለውን የፊልም ማኅበር ሲመሠርት የዴረንን መንገድ ነው የተከተለው፤ የጀመረውም እዚያው ቲያትር ቤት ነው።

በዚያው በ1946 ጉገንሃይም ከተባለው የአሜሪካ ድርጅት የሽልማት ገንዘብ አገኘች፤ ለፊልም ፈጠራ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው። በ1947 ደግሞ "ሜሽስ" ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ተሸለመ። ገንዘብ ግን አልመጣም። ዩኒቨርሲቲዎችና ሙዚየሞች እየዞረች፣ ፊልም እያከራየች፣ ንግግር እያደረገች ነው የኖረችው። በ1955 "ክሪኤቲቭ ፊልም ፋውንዴሽን" የሚባል ድርጅት አቋቁማ ሌሎች የሙከራ ፊልም ሠሪዎችን ለመርዳት ሞከረች። የራሷ ኪስ ባዶ ሆኖ ለሌላው መለመኗ ይገርመኛል።

ሱሪያሊስት ናት?

ብዙ ጽሑፎች እንደዚያ ይሏታል። እሷ ግን አጥብቃ ትቃወም ነበር። ከላይ ሲታይ ይመስላል፤ ሕልም አለ፣ እንግዳ ዕቃዎች አሉ፣ ዱሻንም ወዳጇ ነበር። ልዩነቱ አሠራሩ ላይ ነው። ሱሪያሊስቶች አእምሮ ሳይቆጣጠረው የሚመጣውን ነገር እንዳለ ማውጣት ይፈልጋሉ። ዴረን ተቃራኒውን ነው የምትለው፦ ኪነ ጥበብ የሚፈጠረው አውቆ በመገንባት ነው። ሕልም ጥሬ ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ ቅርጽ የሚሰጠው ግን የነቃ ሰው ነው።

ልቧ ወደ ሥርዓተ አምልኮ ያደላ ነበር። በሥርዓት ውስጥ ግለሰቡ የራሱን ጉዳይ ትቶ የትልቅ ነገር አካል ይሆናል። ፊልሞቿ ውስጥ ራሷ ብትተውንም የራሷን ታሪክ አትተርክም። "ሪችዋል" ውስጥ እሷና ሪታ ክርስቲያኒ አንዲት ሴት ሆነው ቦታ ሲለዋወጡ ይሄው ነው ነገሩ፤ ማንነቷ ላይ ሳይሆን የምታልፍበት ለውጥ ላይ አተኩሩ እያለች ነው።

"አግድም" እና "ቁልቁል" የምትለው ሐሳብ ምንድን ነው?

በጥቅምት 1953 ሲኒማ 16 ስለ ግጥምና ፊልም ውይይት አዘጋጅቶ ነበር። ዴረን እዚያ ላይ እንዲህ አለች፦ ድራማ በአግድም ይሄዳል፤ አንዱ ድርጊት ወደ ሌላው ይመራል። ግጥም ደግሞ ቁልቁል ይወርዳል፤ አንድ ቅጽበት ላይ ቆሞ ውስጡን ይቆፍራል፣ ምን እንደሚሰማና ምን እንደሚመስል ይፈልጋል። ፊልም ሁለቱንም ይችላል፤ ሁሉም ሰው ግን አግድሙን ብቻ ነው የያዘው።

ከተወያዮቹ መካከል ገጣሚው ዲላን ቶማስና ጸሐፌ ተውኔቱ አርተር ሚለር ነበሩ። ቶማስ በነገሩ ላይ ቀለደ፣ አዳራሹም ሳቀ። እሷ ግን ነጥቧን አልለቀቀችም። ከዚያ ምሽት ሰዎች ዛሬ የሚጠቅሱት ቀልዱን ሳይሆን የእሷን ሐሳብ ነው። ንድፈ ሐሳብ ለሚወድ ሰው በ1946 ያሳተመችው "አን አናግራም ኦቭ አይዲያስ ኦን አርት፣ ፎርም ኤንድ ፊልም" አለ። ምዕራፎቹ እንደ ሰንጠረዥ ተደርድረው በአግድምም በቁልቁልም ይነበባሉ። ግን ከባድ ነው፤ መጀመሪያ ፊልሞቹን እዩ።

"ሜሽስ"ን በእውነት የሠራው ባሏ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ክርክሩ የቆየ ነው። ሃሚድ ተራ ባል አልነበረም። ፕራግ ውስጥ በ1930 የራሱን የሙከራ ፊልም የሠራ ባለሙያ ካሜራማን ነው፤ ኋላም በ1960ዎቹ ከፍራንሲስ ቶምፕሰን ጋር የሠሩት አጭር ዶክመንታሪ ኦስካር አግኝቷል። ዴረን ከ1943 በፊት ፊልም ሠርታ አታውቅም ነበር። ስለዚህ የምስሉ ጥራት፣ ብርሃኑ፣ የካሜራው እንቅስቃሴ የእሱ እጅ አለበት። ፊልሙ ራሱም የሁለቱን ስም ነው የያዘው፤ ማንም የደበቀው ነገር የለም።

ነገር ግን "ታዲያ የእሱ ነው" ወደሚለው መዝለል አያስኬድም። ከ"ሜሽስ" በኋላ እሷ ምን ሠራች፣ እሱስ ምን ሠራ ብላችሁ ተመልከቱ። እሱ ወደ ዶክመንታሪ ሄደ። እሷ ደግሞ በአሸዋ፣ በሣርና በምንጣፍ ላይ ያለፈውን ያንን እርምጃ ይዛ ፊልም ከፊልም አሳደገችው። "አት ላንድ"ን ሌሎች የካሜራ ባለሙያዎችም ረድተዋታል፤ መንፈሱ ግን አልተቀየረም። የሴት ሥራ ጥሩ ሲሆን አጠገቧ ያለውን ወንድ መፈለግ የተለመደ ነገር ነው። የጋራ ፊልም ነው ብሎ መተው ይበቃል።

የመጨረሻ ፊልሟ ለምን ብዙ ሰው አይወደውም?

"ዘ ቬሪ አይ ኦቭ ናይት" ውስጥ የባሌት ዳንሰኞች በኔጌቲቭ፣ በከዋክብት መካከል ይንሳፈፋሉ። ሐሳቡ ደፋር ነው፤ መሬት የሚባል ነገር የለም፣ ላይና ታች ጠፍቷል። ችግሩ መሬት ሲጠፋ የዴረን ዋና ጉልበትም አብሮ ይጠፋል። እርምጃው የሚያርፍበት ቦታ ከሌለ የቦታው መቀየር አያስደነግጥም። ከ15 ደቂቃው ግማሹ ይበቃው ነበር። የኢቶ ሙዚቃ ግን ግሩም ነው።

በቩዱ (በሄይቲ ባህላዊ እምነት) እርግማን ሞተች የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። በጥቅምት 1961፣ በ44 ዓመቷ የሞተችው አንጎሏ ውስጥ ደም ፈሶ ነው። ለዓመታት በቂ ምግብ ሳትበላ፣ በድካም ላይ ድካም እየጨመረች ኖራለች። ሐኪም ያዘዘላት አነቃቂ መድኃኒትም ትወስድ ነበር። የእርግማኑ ወሬ የሚመቸው ለተራኪው ነው፤ ድህነትና መድኃኒት ያን ያህል አያስደምሙም። አስከሬኗ ተቃጥሎ አመዱ ጃፓን፣ ፉጂ ተራራ ላይ ተበትኗል።

የሄይቲውን ፊልም ለምን አልጨረሰችውም? አሁን ያለው ፊልምስ የእሷ ነው?

በ1947 በጉገንሃይሙ ገንዘብ ሄይቲ ስትሄድ ዕቅዷ ግልጽ ነበር። የቩዱን ዳንስ ቀርጻ፣ ከሌሎች ሥርዓቶችና ከልጆች ጨዋታ ጋር አቀናብራ እንደ ቀድሞዎቹ ያለ ፊልም መሥራት። እዚያ ስትደርስ ዳንሱ ብቻውን የሚቆም ነገር አልሆነላትም። ከበሮው፣ መሬት ላይ የሚሣለው ምልክት፣ መሥዋዕቱ፣ ሎዋ የሚባሉት መናፍስት ሁሉ የአንድ እምነት አካል ናቸው። ዳንሱን ነጥላ ቆርጣ መቀጠል እምነቱን መስበር ሆነባት። እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ እየተመላለሰች ወደ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ እዚያ ቆየች፤ ሥርዓቱ ውስጥም ገባች።

በ1953 "ዲቫይን ሆርስመን" የተባለ መጽሐፍ አወጣች። መግቢያው ላይ ራሷ እንደምትናገረው፣ ነገሩን እንደፈለገች ልታቀናብር የሄደች አርቲስት ነበረች፤ መጨረሻ ላይ ግን እጅ ሰጥታ ያየችውን በትሕትና መመዝገብ ግድ ሆነባት። የመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፍ ኤርዙሊ የተባለችው ሎዋ እሷ ላይ ስትወርድባት የተሰማትን ይተርካል። ብታምኑበትም ባታምኑበትም አጻጻፉ ልብ ይይዛል።

ፊልሙ ግን ሳጥን ውስጥ ቀረ፤ ከ5,000 ሜትር የሚበልጥ ነው። ገንዘብ አልነበራትም የሚለው እውነት ነው፣ ሙሉው ምክንያት ግን አይመስለኝም። ዛሬ በመጽሐፉ ስም የሚታየውን ዶክመንታሪ እሷ ከሞተች በኋላ ቴይጂ ኢቶና ኋላ ያገባት ሼሬል ኢቶ አቀናብረው በ1980ዎቹ ነው የወጣው። ተራኪ ድምፅ አለው፣ ከመጽሐፏ የተወሰደ ማብራሪያ አለው፣ ቅደም ተከተሉም ለተመልካች እንዲመች ሆኖ የተስተካከለ ነው። ሾቶቹ የእሷ ናቸው፤ አንዳንዶቹን ስታዩ ካሜራ የያዘችው ሴት አብራ እየደነሰች እንደሆነ ያስታውቃል። ኤዲቲንጉ ግን የእሷ አይደለም፤ ዴረን ደግሞ ፊልም የምትሠራው ኤዲቲንግ ላይ ነው። ስለዚህ የሄይቲ ሰነድ አድርጋችሁ እዩት፤ ከስድስቱ ጋር ሰባተኛ ብላችሁ አትቁጠሩት።